የካይራንጊ ቤት ስድስት ምቶች

አይቱታኪ ደሴት ላይ አካይቲን የማያውቅ ሰው የለም፤ ሁላችንም ሚዛኗ ላይ ቆመናል። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ሻንጣ የምትመዝነው እሷ ናት። ትንሿ አውሮፕላን የመጣች ቀን ደግሞ ሻንጣው ብቻ ሳይሆን ባለሻንጣውም ይመዘናል። ቁጥሩን አይታ ለማንም ተንፍሳ አታውቅም። አንድ ጊዜ ዲያቆናችን ሚዛኑ ላይ ወጥተው ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ስበው ቢቆሙ፣ "ይተንፍሱ ዲያቆን፣ ሚዛኑ አይታለልም" አለቻቸው። ከኋላቸው ተሰልፌ ነበርና እኔም ያኔ ትንፋሼን ለቀቅሁ።

የአክስቷ ልጅ ነኝ። ለጭፈራ ቡድናችን ከዛፍ ልጥ ቀሚስ የምሠራው እኔ ስለሆንኩ፣ ያን ዓመት የሆነውን ሁሉ ከሥር ከሥሩ አይቻለሁ።

አባቷ ፓፓ ካይራንጊ የፓቴ መሪ ነበሩ። ፓቴ ከወፍራም ግንድ ተቦርቡሮ የሚሠራ፣ ቆዳ የሌለው ከበሮ ነው፤ በዱላ ሲመታ ድምፁ እንደ ጅራፍ ይጮኻል። ሌሎቹ ከበሮዎች ሁሉ መሪውን ፓቴ ይከተላሉ፣ ጨፋሪውም ይከተለዋል። የካይራንጊ ቤት የራሱ የሆኑ ስድስት ምቶች አሉት። አንዱ "ጀልባ ጎታች" ይባላል፣ አንዱ "ቆርቆሮ ላይ ዝናብ"፣ ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ "የሸርጣን ሩጫ"። ያወጧቸው የፓፓ ካይራንጊ አያት ናቸው። የትም አልተጻፉም። ከኦክላንድ የመጣ አንድ ዘመዳችን በስልኩ ሊቀርጽ ሲል ፓፓ ዱላቸውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ቁጭ አሉ። "ከስልክ የተማሩት ምት ባትሪው ሲያልቅ አብሮ ያልቃል" አሉት። ልጁ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

አካይቲ ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ጀምሮ የፊተኛው ረድፍ መሀል ላይ፣ በቀጥታ ከአባቷ ፊት ለፊት ነበር የምትጨፍረው። ቦታው የእናቷ ነበር። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሲሞላት ግን የግራ ጉልበቷ እያበጠ አስቸገራት። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅሎ፣ "እዚህ ጋ አጥንትና አጥንት እየተፋጩ ነው። እየሄድሽ መኖር ከፈለግሽ ጭፈራውን ተዪው" አላት። ቤት ገብታ ግማሽ ቀን ቁጭ ካለች በኋላ ቦታዋን ለልጇ ለንጋፖኮ ሰጠች። ንጋፖኮ ያኔ ሃያ ዓመቷ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ እንደ እናቷ ወገበ ቀጭን።

የነሐሴው በዓል ሊደርስ ሰባት ሳምንት ሲቀረው በመንደራችን በታውቱ አዳራሽ ልምምድ ተጀመረ። በዓሉ ላይ ደሴቶቹ ሁሉ በዋናዋ ደሴት በራሮቶንጋ ተሰብስበው ይወዳደራሉ። አይቱታኪ ደግሞ በከበሮ ስሟ የተጠራ ደሴት ናት፤ ተሸንፎ መመለስ ማለት አንድ ዓመት ሙሉ አንገት ደፍቶ መሄድ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ፓፓ "ቆርቆሮ ላይ ዝናብ" ሲመቱ ምቱ በሚዞርበት ቦታ፣ መቀየሪያው ላይ፣ ዘገዩ። ልጃገረዶቹ ሲዞሩ ምቱ ገና አልዞረም ነበር፤ ሁለት ልጃገረዶች ተጋጩ። ፓፓ ዱላቸውን አንስተው፣ "ምን ሆናችሁ? ቁርስ አልበላችሁም?" ብለው ጮኹ። ጨፋሪዎቹ መሬት መሬት አዩ። እንደገና ተጀመረ፣ እንደገና ተበላሸ። አካይቲ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። ዞር ብላ አየችኝ። እኔም አየኋት።

ፓፓ አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ተሳስተው የማያውቁ ሰው ናቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አካይቲ አባቷን በዓይኗ መከታተል ጀመረች። የፓፓ ታላቅ ወንድም መጨረሻቸው ክፉ ነበር፤ ከሃያ ዓመት በፊት የሰጠመች ጀልባቸውን ፍለጋ እየወጡ፣ ባሕሩ ዳር እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ነበር የምናገኛቸው። አእምሯቸው እንዲያ ሆኖ አለቀ። "ይሄ ነገር በዘር ይሄዳል ይባላል" አለችኝ አንድ ቀን ልጥ ስናሰጣ። "አባዬም ጀምሮት ይሆን?"

"አንድ ቀን ስለተሳሳቱ?"

"አንድ ቀን አይደለም። ትናንት ነገ ይዘንባል ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ ጎደሬው ገና አልበሰለም አለኝ።"

ያኔ እኔም ደነገጥኩ።

ቤት ውስጥ ትፈትናቸው ጀመር። ዛሬ ቀኑ ማን ነው? የጎረቤቱ ልጅ ስሙ ማን ነበር? አንዳንዴ ልክ ይመልሳሉ፣ አንዳንዴ ከጥያቄው ጋር የማይገናኝ ነገር ይናገራሉ፣ አንዳንዴ ጀርባቸውን ሰጥተው ዝም ይላሉ። ኮፍያቸውን ደብቃ የት እንዳስቀመጡት ስትጠይቃቸው ግን፣ "አንቺ ከጓዳው ጀርባ አድርገሽዋል፤ ያየሁሽ አልመሰለሽም?" አሏት። ይሄ ደግሞ ይባስ ግራ አጋባት። እንቅልፍ አጣች። ሥራ ቦታ አንድ ሻንጣ ሁለቴ መዝና ሁለት የተለያየ ቁጥር ጻፈች።

ታናሽ ወንድሟ ቴኦኮታይ ነገሩን በቀልድ ነበር የሚያልፈው። አርባ ዓመቱ ነው፤ የጭነት መኪና ይነዳል፤ በቡድኑ ውስጥ ከአባቱ ቀጥሎ ሁለተኛው ፓቴ መቺ ነው። እጁ ፈጣን ነው፣ ግን ፓፓ መሪነቱን ሊሰጡት ፈቅደው አያውቁም። "ያንተ እጅ ከልብህ ቀድሞ ይደርሳል" ይሉታል።

"እትዬ፣ ሰውየው ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው" አላት። "አንቺ በሰባ ስድስት ዓመትሽ የራስሽን ስም ካወቅሽ እኔ መኪናዬን እሰጥሻለሁ።"

"አትቀልድ። መሪ ሲጠፋ ማን ይመራል? አንተ?"

ቀልዱ ፊቱ ላይ ደረቀ። "እኔ ስድስቱንም አላውቃቸውም እኮ" አለ ቀስ ብሎ። "መቀየሪያውን ነግሮኝ አያውቅም። ክርኑን ከፍ ሲያደርግ አይቼ ነው የምከተለው።"

በአራተኛው ሳምንት የቡድናችን ሰብሳቢ ማማ ቱታይ አካይቲን ከአዳራሹ ውጭ ጠራቻት። ማማ ቱታይ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ነገር ግን ሰባ ሰው ይዛ ባሕር የምትሻገረው እሷ ናት። "ልጄ፣ እኔ አባትሽን አከብራለሁ" አለቻት። "ግን እስከ ሰኞ ካልተስተካከለ ከአሙሪ መንደር ሌላ መሪ ማምጣቴ ነው። የሚወስደን መርከብም ቀኑ ቀደም ብሏል። አሥራ ሁለት ቀን ነው ያለን።"

ሌላ መሪ መጣ ማለት የካይራንጊ ቤት ምቶች አይመቱም ማለት ነው። አንድ ዓመት ያልተመታ ምት ደግሞ ማን መልሶ ያነሳዋል? አካይቲ ለአባቷ ምንም ሳትናገር ቤት ገባች።

በማግስቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው ነገሩ የተገለጠው። ፓፓ ግቢው ውስጥ፣ መንገዱን ጀርባቸውን ሰጥተው፣ አጎንብሰው ኮኮናት ይልጣሉ። ቴኦኮታይ አሸዋ የጫነ መኪናውን ወደ ኋላ እየነዳ ገባ። አካይቲና እኔ በረንዳው ላይ ነበርን። መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ የሚጮኸው ነገር ይጮኻል፤ መንደሩን ሁሉ ያስጨንቃል። ፓፓ ቀና አላሉም። ቴኦኮታይ በመስታወት አያያቸውም ነበር፤ አሸዋው ሸፍኗቸዋል።

"አባዬ!" አለች አካይቲ። "አባዬ ተነሳ!"

አልተንቀሳቀሱም። አካይቲ በዚያ ጉልበቷ ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አላውቅም። እኔ ቀድሜ ሮጬ የመኪናውን ጎን በጡጫ ደበደብኩት። ፍሬኑ ሲጢጥ አለ። ጎማው ከፓፓ ተረከዝ ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። አቧራው ሲደርስባቸው ነው ዞር ያሉት። መኪናውን አዩና፣ በጣም በተረጋጋ ድምፅ፣ "ቴኦኮታይ፣ መቼ መጣህ?" አሉ።

ቴኦኮታይ ከመኪናው ወርዶ መሬት ላይ ዘፍ አለ። አካይቲ አባቷ ፊት ተንበረከከችና ጉንጫቸውን በሁለት እጇ ያዘች።

"አባዬ፣ አትሰማም አይደል?"

አፏን አፏን አዩ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ኮኮናቱ መለሱ።

"ወፍራም የወንድ ድምፅ እሰማለሁ" አሉ። "ትልቁንም ከበሮ በደረቴ እሰማዋለሁ።"

"ፓቴውንስ?"

የኮኮናቱን ልጣጭ ከእጃቸው አራገፉ። "ካልሰማሁት ሁለት ዓመት ሆነው" አሉ።

"ሁለት ዓመት! አምና እኮ አንደኛ ወጥተናል! ሳትሰማ እንዴት መታህ?"

"እግርሽን እያየሁ ነዋ" አሉ፣ ይህን አለማወቋ እንደገረማቸው ሁሉ። "እጄ ምቱን አይረሳም፤ የት ጋ እንዳለሁ ግን በጆሮዬ ማወቅ አልችልም። እግርሽ ይነግረኛል። አንቺ እኔን ጠብቀሽ አታውቂም፤ ምቱ ሳይደርስ እዚያ ደርሰሽ ነው የማገኝሽ። ንጋፖኮ ጎበዝ ናት። ግን ትጠብቀኛለች። እኔ እሷን ስጠብቅ እሷ እኔን ስትጠብቅ፣ ሁለታችንም መሀል መንገድ ላይ እንቀራለን።"

አካይቲ መጀመሪያ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ፤ አእምሯቸው ደህና ነው። እፎይታው ግን ብዙም አልቆየላትም። አሥራ አንድ ቀን ቀርቷል፤ መሪው አይሰማም፣ ተተኪው አያውቅም፣ እሷ መጨፈር አትችልም።

"ለቴኦኮታይ ልቀቅለት" አለቻቸው ያኑ ዕለት።

ፓፓ ተነስተው ቤት ገቡ። እሑድ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፣ ተመለሱ፣ ምሳውን አልቀመሱም። አካይቲ እኔ ቤት መጥታ አለቀሰች። "ገደልኩት" አለች። "ከበሮውን ከነጠቅሁት ምን ይቀረዋል? ግን ሌላ ሰው መጥቶ ከሰው ፊት ቢነጥቀውስ?"

ሰኞ አዳራሹ ሞልቶ ሳለ ፓፓ ገቡ። የመሪነት ወንበራቸው ጋ ሄዱ፤ ፓቴውን አነሱና ቴኦኮታይ ጭን ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ዞረው ሄደው የሻርክ ቆዳ የተወጠረበት ትልቁ ከበሮ ጀርባ ተቀመጡ። ጫማቸውንም አወለቁ።

"ምን ታያላችሁ?" አሉ። "ያረጀ ሰው ቦታ ሲቀይር አይታችሁ አታውቁም?"

ቴኦኮታይ ፓቴውን በሁለት እጁ አቅፎ ያዘው። ማማ ቱታይም ይህን አይታ ከአሙሪ መሪ ማምጣቱን አቆየችው።

አሁን ስድስቱን ምቶች ማን ያስተምረው? ፓፓ በቃል ማስረዳት አይችሉም፤ ቢመቱለት ደግሞ ራሳቸው መቀየሪያው የት ጋ እንደደረሰ አይሰሙም። አንድ ሰው ብቻ ነበር ሁሉንም ሙሉ ለሙሉ የያዘው፣ እሱም በእግሩ። ስለዚህ አካይቲ የከሰዓቷ አውሮፕላን ከሄደች በኋላ በማረፊያው የዕቃ መጋዘን ውስጥ ለወንድሟ ትጨፍርለት ጀመር። በሩን እኔ ነበርኩ የምጠብቀው። ንጋፖኮ ከእናቷ ጎን ትቆማለች። አካይቲ ጉልበቷን በጨርቅ ጠፍራ ትጀምራለች፤ ትንሽ ቆይታ ሻንጣ ላይ ትቀመጣለች፤ እንደገና ትነሳለች። ወደ ቤት ስትሄድ ጉልበቷ እንደ ኮኮናት ያብጥ ነበር።

"እማዬ ይብቃሽ" ትላታለች ንጋፖኮ። "ሐኪሙ ያለሽን ረሳሽው?"

"ሐኪሙ ሸርጣን ሲሮጥ አይቶ ያውቃል? ዝም ብለሽ እዪ።"

አምስቱ ምቶች ለቴኦኮታይ ገቡለት። "የሸርጣን ሩጫ" ግን እምቢ አለ። በመሀሉ ሁሉም ከበሮ ጸጥ የሚልበት ቅጽበት አለ፤ ከዚያ ፓቴው ብቻውን ይፈነዳል። ጸጥታው ስንት ነው? ቴኦኮታይ ሦስት ቆጠረ፣ ቸኮለ። አራት ቆጠረ፣ ዘገየ። ዱላውን ወርውሮ፣ "እትዬ፣ እኔን ተዉኝ! የአሙሪውን ሰውዬ ጥሩት!" ብሎ ጮኸ። "ሰባ ሰው ላዋርድ ነው!"

አካይቲ ዱላውን አንስታ መለሰችለት። ዓይኗን ጨፍና እንደገና ጀመረች፤ ጸጥታው ጋ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ከዚያ ወገቧ ሄደ። ዓይኗን ገለጠች።

"ትንፋሼን ይዤ ነው" አለች፣ ራሷም ተገርማ። "ሠላሳ ስድስት ዓመት አላወቅሁትም። ቁጥር አይደለም። ትንፋሽ ይዘህ፣ ልትለቅ ስትል ነው።"

አንድ ላይ ያዙት፤ ወንድም፣ እህት፣ ልጅ። በሩ ላይ ሆኜ እኔም ያዝኩት። ፓቴው ፈነዳ። ልክ ነበር። ሁለተኛው ጊዜ ግን ተሳሳተ፤ ሦስተኛው ልክ ሆነ፤ አራተኛው ተሳሳተ። መርከቡ ላይ የወጣነውም እንዲሁ ነው፤ አንዴ ልክ፣ አንዴ ስህተት።

ባሕሩ ክፉ ነበር። ከበሮዎቹን እንደ ሕፃን በብርድ ልብስ ጠቅልለን መሀላችን አስተኛናቸው። ቴኦኮታይ የመርከቡን መደገፊያ ይዞ ሲያስመልስ አካይቲ ጀርባውን ታሻሻለች። "ባሕሩ ነው" ይላታል። ባሕር ላይ ያደገ ሰው ነው።

በውድድሩ ቀን ከመድረኩ ጀርባ ሁላችንም የየራሳችንን ጭንቀት ይዘን ቆምን። የእኔው ቀሚሶቹ እንዳይፈቱ ነው። አካይቲ ከመጋረጃው ጥግ፣ ወንድሟን በምታይበት ቦታ፣ ዱላ ተደግፋ ቆመች። ቄሱ ጸለዩ። አካይቲ "አሜን" ስትል ከንፈሯ ነጭ ነበር።

አምስቱ ምቶች አለፉ። አዳራሹ ይጮኻል። "የሸርጣን ሩጫ" ተጀመረ። ጸጥታው ደረሰ። አካይቲ ትንፋሿን ስትይዝ ክንዴን ጨበጠችው፤ ምልክቱ ለሦስት ቀን አልጠፋም።

ቴኦኮታይ ቸኮለ። በጣም ጥቂት ነው፤ ግን ቸኮለ። ከጨፋሪዎቹ ግማሾቹ ሊከተሉት ነቃ አሉ፣ ግማሾቹ ደርቀው ቀሩ። ንጋፖኮ ግን አጎቷንም አያቷንም አላየችም። በራሷ ጊዜ፣ ትንፋሿን ስትለቅ፣ ሄደች። እሷ እግሯን ስታነሳ ከኋላ ትልቁ ከበሮ እንደ ነጎድጓድ ወረደ፤ ፓፓ ካይራንጊ ዓይናቸው የልጅ ልጃቸው እግር ላይ ነበር፣ የቴኦኮታይን ስህተትም አልሰሙትም። ቴኦኮታይ ያን ነጎድጓድ ሲሰማ ቀና ብሎ እግሯን አየ፤ እጁን ያዝ አደረገ፤ ከእርምጃዋ ጋር ገባ። ሰባው ሰው በአንድ ላይ ተነሳ።

አካይቲ ክንዴን ሳትለቅ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። "የንጋፖኮ ቀሚስ በግራ በኩል ተፈቷል" አለችኝ።

ሁለተኛ ወጣን። ከዳኞቹ አንዱ "አንድ ቦታ ላይ ፓቴው ቀድሟል" ብሎ ጽፎ ነበር። ቴኦኮታይ ወረቀቱን አጥፎ የመኪናው መስታወት ላይ ለጠፈው፤ ዛሬም እዚያው ነው። ፓፓ እዚያው ራሮቶንጋ ላይ ተመርምረው የጆሮ መሣሪያ ተሰጣቸው። ለስብከት ያደርጉታል፤ መዝሙር ሲጀመር ያወልቁታል፤ "ሴቶቹ ይጮኹብኛል" ይላሉ። አካይቲ በተከታዩ ዓመት ጉልበቷን በቀዶ ሕክምና አስጠገነች።

ንጋፖኮ አምና ነርስነት ልትማር ኦክላንድ ሄደች። እናቷ ሻንጣዋን ራሷ መዘነችው፤ አራት ኪሎ ትርፍ ነበረው፣ አሳለፈችላት። ከሦስት ሳምንት በፊት ንጋፖኮ ደውላ ፈተናው ከበዓሉ ሳምንት ጋር እንደተጋጨባትና ለጭፈራው መምጣት እንደማትችል ነገረቻት። አካይቲ፣ "ትምህርትሽ ይቅደም ልጄ" አለቻት፤ ስልኩን ዘግታ ግን ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ማክሰኞ ዕለት አዳራሹን ከፍታ፣ የፊተኛውን ረድፍ ጭፈራ ልታስተምር የመንደሩን ልጃገረዶች ጠራች። አሥራ አንድ መጡ። በሁለተኛው ሳምንት የመጡት ስምንት ብቻ ነበሩ። አሁን ስለነዚህ ስምንት ልጃገረዶች ነው የምትጨነቀው።